ጄኔራል ሳይኮሎጂ ለፍሬሽማን ምን ይጠቅማል? አንድ ጥያቄና 30 መልሶች

ጥያቄውን ያነሳው አንድ የተፈጥሮ ሳይንስ ፍሬሽማን ነው። ሐሳቡ ኢንጂነሪንግ መግባት ነው። ማትስና ፊዚክስ ፋታ ነስተውት ሳለ ጄኔራል ሳይኮሎጂ ሦስት ክሬዲት አወር ይዞ መጣበት። ሞጁሉን ገለጥ ገለጥ አድርጎ አይቶታል። መማር፣ ማስታወስ፣ መርሳት፣ ተነሳሽነት፣ ስሜት፣ ስብእና። ማንም የሚያውቀውን ነገር በከባድ እንግሊዝኛ የጻፉት መሰለው። ሲኒየሮቹ ግን ቀላል ነው ብለው የተዘናጉ ልጆች ሲ ይዘው እንደወጡ ነግረውታል። የፍሬሽማን ጂፒኤ ደግሞ ዲፓርትመንት ለማግኘት ወሳኝ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ጠየቀ። ኮርሱ ለእሱ ዓይነት ተማሪ ምን እንደሚፈይድና ኤ ለማምጣት እንዴት መጠናት እንዳለበት።

ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄው ሥር የተከታተለው የመልሶች ሰንሰለት፣ ከተጠበቀው በላይ ረዘመ። ሁሉን ለማንበብ ጊዜ ላጣ ሰው ከላይ እስከ ታች ልተርከው። ኮርሱን ከልቤ ስለምወደው በየመሃሉ የራሴንም ሐሳብ ጣል አደርጋለሁ።

መልስ 1 አጭር ነው። አይዞህ ካለው በኋላ በስላይድ ብቻ እንዳይተማመን፣ ሞጁሉን ራሱን እንዲያነብና የድሮ ፈተናዎችን ከሲኒየሮች እንዲሰበስብ መከረው።

መልስ 2 ነገሩን ከሥሩ አስረዳ። የፍሬሽማን ፕሮግራም በ2012 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሲመለስ ይህ ኮርስ ለተፈጥሮም ለማኅበራዊ ሳይንስም ተማሪ የጋራ ሆኖ ገባ፤ ሞጁሉም የጋራ ነው። ስለዚህ ሌላ ካምፓስ ያለ ጓደኛው የሚያጠናውም ያንኑ ስለሆነ ኖትና ጥያቄ መለዋወጥ ይችላሉ። የመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ስለ ሕይወት ክህሎት መሆናቸውንም አስታወሰ። ጭንቀትን መቋቋም፣ የጊዜ አጠቃቀም፣ ከሰው ጋር መግባባት የመሳሰሉት ማለት ነው። ተማሪው ይህን ክፍል ንቆ ይዘለዋል፤ ፈተና ላይ ግን ከተፍ ይላል።

መልስ 3 ላይ የክሩ ድምፅ ተቀየረ። የጻፈው ተመርቆ ሥራ ላይ ያለ ኢንጂነር ነው። ጠያቂው ልክ ነው አለ። ሳይኮሎጂ አያቶቻችን በተረትና ምሳሌ የጨረሱት ጉዳይ ነው፤ ለአንድ ኢንጂነር ሦስት ክሬዲት ማባከን ነው። ለኤ ሲባል ሸምድዶ ፈተና ላይ ዘርግፎ መርሳት ነው መፍትሔው።

መልስ 4 ያንኑ የአያቶችን ተረት ይዛ መጣች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንላለን። የዛሬን ሥራ ለነገ አታሳድር ደግሞ እንላለን። ነገሩ ካለፈ በኋላ ከሁለቱ አንዱን መርጦ አውቄው ነበር ማለት ቀላል ነው። ከመሆኑ በፊት የቱ እንደሚሠራ መናገር ነው የሚከብደው። ኮርሱ ይህን አውቄው ነበር የማለት ዝንባሌ ራሱን እንደ አንድ የአእምሮ ስሕተት ያስተምራል አለች። ከክሩ ሁሉ በዚህ መልስ በጣም ነው የተደሰትኩት። ጨዋም ነበር፤ መልስ 3ን አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረችውም።

መልስ 5 የጠበቃ ነው። የሕግ ተማሪ ሳለ ይህን ኮርስ ወስዷል። እስከ ዛሬ ከአእምሮው ያልወጣው የትውስታ ምዕራፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር ያሳተሙትን ጥናት ተረከ። 150 ተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አዩ። ለአንዱ ቡድን መኪኖቹ ሲላተሙ ፍጥነታቸው ስንት ነበር የሚል ጥያቄ ቀረበለት። ለሌላው ቡድን ጥያቄው ለዘብ ባለ ቃል ቀረበ፤ ሦስተኛው ቡድን ስለ ፍጥነት ጭራሽ አልተጠየቀም። ከሳምንት በኋላ ሁሉም የተሰበረ መስታወት አይተው እንደሆነ ተጠየቁ። ፊልሙ ላይ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። ሆኖም ጠንካራውን ቃል ከሰሙት 50 ተማሪዎች 16ቱ አይተናል አሉ። ለዘብ ያለውን ከሰሙት 50 ደግሞ 7ቱ። ጠበቃው ምስክር ሲጠይቅ የጥያቄው አቀራረብ መልሱን እንዳያበላሽበት የሚጠነቀቀው ከዚያ ወዲህ ነው። ምስክሩ እየዋሸ ላይሆን ይችላል፤ ያላየውን እንዳየ አድርጎ ከልቡ ያስታውሳል። ይህን ደግሞ የትኛውም ተረታችን አልነገረንም ሲል ለመልስ 3 ምላሽ ሰጠ።

መልስ 6 ሳይኮሎጂ ድንቅ ነው፣ የሰው ልጅ ከአእምሮው የሚጠቀመው 10 በመቶውን ብቻ ስለሆነ የቀረውን ለመክፈት ይረዳል አለ። መልስ 7 ወዲያው አረመው። በአእምሮ ምስል የሚታየው ሁሉም ክፍል ሥራ እንዳለው ነው፤ ተኝተን እንኳ አእምሮ አያርፍም። ከትንሽ ቦታ ላይ የሚደርስ ጉዳትም ንግግር ወይም እንቅስቃሴ ሊያሳጣ ይችላል። 90 በመቶው ሥራ ፈት ቢሆን ኖሮ ስትሮክ ይህን ያህል አያስፈራም ነበር። ማረሙ ተገቢ ነው። እኔ እንዲያውም ሌክቸረሮች የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ እንዲህ ያሉ የተሳሳቱ እምነቶችን በማንሳት ቢጀምሩ እመርጣለሁ።

መልስ 8 ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ መጣ። የጻፈችው እህት በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለነርሲንግ የሚያስፈልጉትን ኮርሶች እየጨረሰች ነው። እዚያ መግቢያው ሳይኮሎጂ ቀድመው ከሚጠየቁት አንዱ ነው፤ ብዙ ጊዜ የዕድገት ሳይኮሎጂም ይከተላል። ቀን ትሠራለች፣ ማታ ትማራለች። ያስቸገራት የቃላቱ ብዛት ነው። አንድ ምዕራፍ ውስጥ ብዙ አዲስ ቃል አለ፣ ፈተናው ደግሞ ትርጉማቸውን አይጠይቅም። አንድ ታሪክ ይሰጥና ይህ የየትኛው ምሳሌ ነው ይላል። የዩኒቨርሲቲ ልጆችም ይህን ቀድመው ይወቁ አለች። መጽሐፍ መግዛት ለሚከብደው ኦፕንስታክስ የተባለ አሳታሚ የሚያወጣው የሳይኮሎጂ መማሪያ በነፃ እንደሚገኝም ጠቆመች። ከኮርሱ ጋር የጥናት ተሳትፎ ነጥብ እንዳለባትም ነገረችን። ተማሪው በዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች ሙከራ ላይ ተጠኚ ሆኖ ይቀመጣል፤ ካልፈለገ ሌላ የጽሑፍ ሥራ ይሰጠዋል።

መልስ 9 ለእሷ ነው። ኮርሱን ክሌፕ በሚባል የአሜሪካ ፈተና ማለፍ እንደሚቻል ነገራት። በ90 ደቂቃ ወደ 95 የምርጫ ጥያቄ ይሠራል። ካለፈች ክፍል ሳትገባ ክሬዲቱን ልታገኝ ትችላለች። ግን ሁሉም የነርሲንግ ትምህርት ቤት አይቀበለውም፤ ገንዘብ ከመክፈሏ በፊት አድቫይዘሯን ትጠይቅ አለ። ምክሩ የበሰለ ነው። እኔ ግን ነርስ ለመሆን የተነሳ ሰው ይህን ኮርስ ክፍል ገብቶ ቢማረው እላለሁ። የታመመ ሰው ፊት የሚቆም ባለሙያ ስለ ሕመም፣ ስለ ፍርሃትና ስለ ልማድ ከሌሎች ጋር ተወያይቶ ቢያልፍ ይጠቀማል።

መልስ 10 የጠያቂውን ሁለተኛ ጥያቄ በስፋት የመለሰው የመጀመሪያው ሰው ነው። ራሱም ይህን ኮርስ ያስተምራል። ኮርሱ የራሱን የማጥኛ ዘዴ በውስጡ ይዟል አለ። ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት እየሸመደደ በራሱ ላይ ሙከራ ሠራ። የተማርነው ነገር መጀመሪያ በፍጥነት፣ ቆይቶ በዝግታ እንደሚጠፋ አሳየ። ከዚያ ሮዲገርና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት አለ። ተማሪዎች አንድ ጽሑፍ አነበቡ። ግማሾቹ ደግመው አነበቡት፤ ግማሾቹ ወረቀቱን አስቀምጠው የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ራሳቸውን የፈተኑት 56 በመቶውን፣ ደግመው ያነበቡት 42 በመቶውን አስታወሱ። ችከላ የሚያታልለን እዚህ ላይ ነው አለ መምህሩ። ያነበብነውን ደግመን ስናነብ ገጹ ስለሚለመደን ያወቅነው ይመስለናል። ሞጁሉን ዘግቶ ባዶ ወረቀት ላይ መጻፍ ግን ያላወቅነውን ፊት ለፊት ያሳየናል። ደስ አይልም፤ የሚሠራው ግን እሱ ነው።

መልስ 11 ላይ ጠያቂው ራሱ ተመለሰ። አመሰገነ። እሱ የሚያጠናው ሃይላይተር ይዞ ሞጁሉን በማስመር መሆኑን ገለጸና በቂ ስለመሆኑ ጠየቀ። መምህሩ ሳይመልስ መልስ 12 ጣልቃ ገባ። እያንዳንዱ ሰው የራሱ የመማሪያ ስልት አለው፣ አንዱ በዓይን አንዱ በጆሮ ይማራል፣ ስለዚህ ሃይላይተር የሚስማማው ይቀጥል አለ። መልስ 13 ተቃወመችው። በፓሽለር የተመራ የተመራማሪዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2008 ጥናቶቹን መርምሮ ትምህርትን ከእንዲህ ያለ ስልት ጋር ማዛመድ ውጤት እንደሚያሻሽል በቂ ማስረጃ አላገኘም። ሰው የሚወደው አቀራረብ አለው፤ የሚወደው ግን የበለጠ የሚያስተምረው ላይሆን ይችላል። ማስመርም ብቻውን ብዙ አያግዝም። ጠቃሚው በየመሃሉ ቀን እያሳለፉ ራስን መፈተን ነው አለች። መልስ 12 ትንሽ ከፋው። በመምህርነት ሥልጠና ላይ እንደተማረው ጻፈ። እሷም አልለሰለሰችም፤ ሥልጠና ላይ መሰጠቱ እውነት አያደርገውም ብላ ዘጋችው። ነጥቧ ትክክል ነው። በትንሽ ትሕትና ብትለው ግን ሰውየው ለሁለተኛ ጊዜ ያነበው ነበር።

መልስ 14 ክሩን ወደ ፈተናው መለሰው። ከአንድ ሚድ ላይ ያስታወሰውን ጥያቄ አቀረበ። አንዲት እናት ልጇን ክፍሉን እንዲያጸዳ ስትነዘንዘው ትውላለች። ልጁ ብድግ ብሎ ሲያጸዳ ንዝንዙ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ልጁ ቶሎ ቶሎ ማጽዳት ጀመረ። ይህ ምንድን ነው?

መልስ 15 ያለ ጥርጥር ቅጣት ነው አለ። እናትየው ልጁን አሠቃይታዋለች፣ ንዝንዝ ቅጣት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

መልስ 16 ትክክለኛውን ሰጠ። ይህን መልስ ቆርጣችሁ አስቀምጡት። መጠየቅ ያለባቸው ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው አለ። አንደኛ፣ ባሕርዩ ጨመረ ወይስ ቀነሰ? ማጽዳቱ ጨምሯል። ከጨመረ ማጠናከሪያ ነው፤ ቅጣት የሚባለው ባሕርይን የሚቀንሰው ነው። ሁለተኛ፣ ከባሕርዩ በኋላ አንድ ነገር መጣ ወይስ ሄደ? ንዝንዙ ሄደ። የሚያስጠላ ነገር ሲወገድ ባሕርይ ከጨመረ ኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንት ይባላል። ኔጌቲቭ የሚለው መጥፎ ማለት አይደለም፤ እንደ ሒሳብ መቀነስን ነው የሚያሳየው። ጥያቄው ሰው የሚጥለው እናትየው ደግ ነች ወይስ ክፉ ብሎ ስለሚያስብ ነው። የማጠናከሪያን ሐሳብ ያስፋፋው ሳይኮሎጂስት ስኪነር ግን ደግነትን አይጠይቅም። ከድርጊቱ በኋላ ምን ሆነ፣ ድርጊቱስ ምን ሆነ ብቻ ነው የሚለው። ሰውየው ቀጥሎ ስለ እናትየው አሰበ። እሷም ተጠናክራለች። ስትነዘንዝ ክፍሉ ስለሚጸዳላት ነገም ትነዘንዛለች። ይህንን ሳነብ ቤታችንንና መሥሪያ ቤታችንን አሰብኩ። በደንብ የተማረው ሰው ኮርሱን እንዲህ አውጥቶ ይጠቀምበታል።

መልስ 17 የምግብ ምልክት ብቻ ሲሰማ ምራቁ የሚወርደውን የፓቭሎቭን ውሻ በቡና ተካችው። ሙቀጫው ኳ ኳ ሲል ቡና ወዳድ ሰው አፉ ምራቅ ይሞላል። ድምፁ ብቻውን ምንም አልነበረም፤ ከቡናው ጣዕም ጋር ደጋግሞ ስለመጣ ግን ምልክት ሆነ። ምሳሌዋ ፈተና ላይም የሚሠራ ነው። ፓቭሎቭ በዚህ ግኝቱ ኖቤል ተሸለመ ብላ ስትጨርስ ግን መልስ 18 አረማት። እ.ኤ.አ. በ1904 የተሸለመው ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ምርምር ነው። የውሾቹ ምራቅ ነገር የመጣው ከዚያ ሥራ ውስጥ ነው። እርማቱ በትሕትና ቀረበ፣ እሷም አመስግና ተቀበለች።

መልስ 19 ከርዕሱ ወጣ። ቡና ከተነሳ አይቀር ብሎ፣ በፈተና ሰሞን ዶርም ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ በቡና ስለሚነጋ ጥናት አወራ። እሱ የሚያውቃቸው ቀለሜዎች ሁሉ ስፔስ (የጥናት ክፍል) ገብተው እስከ ሌሊት ስድስት ያነባሉ፣ ከዚያ ይተኛሉ። እንቅልፍ የተማርነውን እንደሚያጸና ሞጁሉም ላይ እንዳለ ተናገረ። ከርዕስ የወጣው ወሬ ዞሮ ዞሮ ትውስታ ምዕራፍ ላይ ገባ።

መልስ 20 ከዚያ ያለውን ሰላም አናጋው። ይህ ኮርስ ልጆችን ከሃይማኖት ያስወጣል፣ ፍሮይድ የሚባል ሰው ሁሉን ነገር ወደ ወሲብ አውርዶታል፣ ወላጆች ይንቁ አለ። መልስ 21 በቁጣ መለሰ። የመጀመሪያውን ሰው አንዲት ገጽ ሳያነብ የሚፈርድ አለው፣ ሌላም የማይደገም ነገር ጨመረ። አወያዩ የተወሰነውን አጠፋው። መልስ 22 ግን በዕድሜ የገፉ ይመስላሉ፤ አንቱ ብለው ነው የጻፉት። ፍሮይድ በመግቢያ ኮርስ ውስጥ የሚገኘው እንደ ታሪክ ነው አሉ። ንግግር መድኃኒት ሊሆን እንደሚችል ሐሳቡን አስፋፍቷል። ስለ ልጅነት ወሲባዊ ደረጃዎች ያለው ግን ዛሬ በመረጃ የጸና ተደርጎ አይወሰድም። አንድን ሐሳብ ለመመዘን ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ መቀበል ሌላ። ሃይማኖተኛ ተማሪ ይህን ኮርስ ወስዶ ሃይማኖተኛ ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ እሳቸውም አንዱ ናቸው። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር አለኝ። አንዳንድ ሌክቸረር ለፍሮይድ ሳምንት ሙሉ ይሰጥና ስለ ማስታወስና ስለ መማር ያለውን በሩጫ ያልፈዋል። መልስ 20ን የመሰለ ስጋት የሚፈጠረው ሚዛኑ ሲዛባም ጭምር ነው።

መልስ 23 ላይ ኢንጂነሩ፣ ማለትም መልስ 3፣ ተመለሰ። በዚህኛው ዙር ባዶ እጁን አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውን ትልቅ ፍተሻ ጠቀሰ። ተመራማሪዎች ተሰባስበው 100 የታተሙ የሳይኮሎጂ ጥናቶችን ደገሙ። በድጋሚው ጉልህ ውጤት የተገኘባቸው 36 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። የስታንፎርድ እስር ቤት ሙከራንም አነሳ። እ.ኤ.አ. በ1971 ፈቃደኞች ጠባቂና እስረኛ ሆነው የገቡበት፣ ለሁለት ሳምንት ታስቦ በስድስተኛው ቀን የተቋረጠው ነው። ሰው ሥልጣን ሲያገኝ በራሱ እንደሚጨክን ማረጋገጫ ሆኖ ለዓመታት ሲነገር ኖረ። በኋላ የወጡ የድምፅ ቅጂዎች ግን ጠባቂዎቹ ጠንከር እንዲሉ ይገፋፉ እንደነበር አሳዩ። እንዲህ የሚፈርስ ነገር ሳይንስ ይባላል ወይ አለ።

መልስ 24 የመምህሩ ነው፤ መልስ 10 የጻፈው። ሁለቱንም እውነታ ተቀበለ። ከዚያ ፍተሻውን ያካሄዱት ራሳቸው የሳይኮሎጂ ተመራማሪዎች መሆናቸውን አስታወሰ። የሠራውን ድልድይ ጭነት ጭኖ የሚፈትን ኢንጂነር አይወቀስም፤ ሳይፈትን የሚከፍተው ነው የሚወቀሰው። ለተማሪዎቹ የስታንፎርዱን ሙከራ ከነትችቱ ነው የሚያስተምረው። ራስን የመፈተን ጥቅም ግን ተደጋግሞ የተረጋገጠ ነው፤ ስለዚህ ሁሉን በአንድ ላይ መጣል አይገባም። ኢንጂነሩ ከዚህ በኋላ ክሬዲት ባከነ የሚለውን አላነሳም። ስለ ናሙና ብዛት ሁለት ሦስት ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ፣ መምህሩም መለሰለት። እኔ ለክሩ ትልቅ ቦታ የምሰጠው እዚህ ጋ ነው። ኮርሱ ለኢንጂነርም ሆነ ለሐኪም የሚሰጠው ትልቁ ነገር ይሄ ይመስለኛል፤ ስለ ሰው የተባለን ነገር ማን፣ በስንት ሰው ላይ፣ እንዴት አወቀው ብሎ መጠየቅ።

መልስ 25 ጉዳዩን ወደ አገራችን አመጣው። የሜሪላንዷ እህት የተናገረችውን የጥናት ተሳትፎ አስታወሰ። አርኔት የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመው ዳሰሳ በዋና ዋና የአሜሪካ ሳይኮሎጂ መጽሔቶች ከተጠኑት ሰዎች 96 በመቶው ከምዕራባውያንና ከበለጸጉ አገሮች መሆናቸውን አሳይቷል። ከእነዚህም ብዙዎቹ የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1972 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሜኒት ማኅበረሰብ ውስጥ የተሠራውን ጥናት ጠቀሰ። ሥዕልን በማያዘወትር ማኅበረሰብ ሰዎች ሥዕልን ለይተው ያውቁ እንደሆነ ለማየት ነበር። ከዚያ በፊት ወረቀት ሲሰጣቸው ወረቀቱን ራሱን ይዳስሱትና ያሸቱት እንደነበር ተዘግቦ ነበር። ተመራማሪዎቹ ስለዚህ እንስሳቱን በጨርቅ ላይ በትልቁ ሳሉ። አብዛኞቹ ለዩአቸው፤ አንዳንዶቹ ቀስ ብለው ቀንዱን፣ እግሩን፣ ጭራውን እያዩ ነበር የደረሱበት። መሣሪያው ሲቀየር ውጤቱ ተቀየረ። የዛሬ ፍሬሽማን ከሞጁሉ ላይ አንድ ጥናት ሲያነብ እዚህ አገር ቢሠራ ኖሮ እንዴት ይቀርብ ነበር ብሎ ቢያስብ ጥሩ አሳይመንት ይወጣዋል አለ። ሌክቸረሮች ይህን ይስሙ።

መልስ 26 የዶርም ወሬ ነው። የሥነ ልቦና ችግሮችን ምዕራፍ ካነበበ ወዲህ አንዱን ሩምሜቱን ባይፖላር (ከልክ ያለፈ የስሜት ከፍታና ዝቅታ የሚፈራረቁበት ሕመም) ነው ብሎ ጠርጥሮታል። ሌላው ደግሞ ሁለት ዓይነት ጠባይ ስላለው ስኪዞፍሬኒያ ሳይሆን አይቀርም አለ። መልስ 27 ቆጣ ብላ ጻፈች፤ ልክም ነበረች። ስኪዞፍሬኒያ ሁለት ሰው መሆን አይደለም። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ ከእውነት የራቀ ጽኑ እምነት፣ የተበታተነ ሐሳብ የሚታይበት ከባድ ሕመም ነው። አንድ ምዕራፍ ያነበበ ሰው በጓደኛው ላይ የበሽታ ስም መለጠፍ የለበትም። ደስ ማለትና መከፋት የሁሉም ሰው ነው። ሕመም ለማለት ምልክቱ ምን ያህል እንደቆየ፣ ሥራንና ኑሮን ምን ያህል እንዳወከ የሚመረምር ባለሙያ ያስፈልጋል።

መልስ 28 ከሁሉም ረዘም ያለውና ሁላችንንም ዝም ያሰኘው ነው። ወንድሙ ለረጅም ጊዜ የታመመ ሰው ጻፈው። ሰፈር ውስጥ ልጆች ሲሰዳደቡ አማኑኤል ግባ ይባባላሉ፤ በአዲስ አበባ ያለው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ስም ስድብ ሆኗል። ቤተሰቡ በዚህ ምክንያት ወንድሙን ወደ ሕክምና ለመውሰድ ዘገየ። ጠበል ወሰዱት፣ አሁንም ይወስዱታል፤ መድኃኒቱንም ይወስዳል። አንዱ ሌላውን አላስቀረም። እሱ ራሱ ይህን ኮርስ ሲወስድ ሌክቸረሩ ስለ ዲፕሬሽን ሲያስረዳ ክፍሉ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። ሌክቸረሩ አላለፈውም። ማስተማሩን አቁሞ ከተማሪዎቹ መካከል በዚህ ሕመም የሚቸገር ሊኖር እንደሚችል በእርጋታ ነገራቸው። ጸሐፊው ወንድሙ መታመሙን ለጓደኛው የተናገረው በዚያ ሳምንት ነበር። ጠያቂውን በስም ሳይጠራ ኮርሱ ለኢንጂነርም የሚጠቅመው ምን እንደሆነ በዚህ ነገረው። እኔ በበኩሌ ይህ ምዕራፍ ከፍሬሽማን ኮርስ እንዳይወጣ አጥብቄ እሟገታለሁ።

መልስ 29 የሌላ ፍሬሽማን ነው፤ የማኅበራዊ ሳይንስ ልጅ ናት። ክሩን አንብባ ሳይኮሎጂ ዲፓርትመንት ለመምረጥ አስባለች። በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ሰው ማከም ትችል እንደሆነ ጠየቀች።

መልስ 30 የመምህሩ ነው። ሳይካትሪስት መጀመሪያ ሐኪም ሆኖ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ የሚያደርግ ነው፤ መድኃኒት ያዛል። ለንግግር ሕክምና ወይም ለምክር አገልግሎት የሚሠለጥን ደግሞ በክሊኒካል ወይም በካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ማስተርስ ይቀጥላል። በመጀመሪያ ዲግሪ የሚወጡት በትምህርት ቤቶች፣ በማኅበራዊ አገልግሎት፣ በግብረ ሰናይ ድርጅቶችና በሰው ኃይል አስተዳደር ይሠራሉ። ዲፓርትመንቱን ከመምረጧ በፊት ስታቲስቲክስና የምርምር ዘዴ እንደሚጠብቃት እንድታውቅ ነገራት፤ ብዙ ተማሪ የሚደናገጠው እዚያ ነው። ከዚያ መምህሩ ጠያቂያችንን ሚድ መቼ እንደሆነ ጠየቀውና ከማጠናከሪያና ቅጣት ላይ ሃያ የምርጫ ጥያቄ አዘጋጅቶ እዚሁ እንደሚለጥፍ ቃል ገባ። የትውስታውን ምዕራፍ ጥያቄ ማን እንደሚያዘጋጅ ግን እስካሁን እጁን ያወጣ የለም።